አዋቂ ሆኖ ለሚገረዝ ሰው፦ የግርዛት ዘዴዎች በማገገሚያ ጊዜያቸው ሲነጻጸሩ

በኢትዮጵያ አብዛኛው ወንድ የሚገረዘው በሕፃንነቱ ወይም በልጅነቱ ስለሆነ፣ ስለ አዋቂ ግርዛት የሚያውቅ ሰው በቤተሰብ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። በስምንተኛው ቀን የተገረዘ ሕፃን እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚታቀፍ የሚያውቁ እናቶችና አያቶች በየቤቱ አሉ። የ25 ወይም የ40 ዓመት ሰው ግን ሌሊት ብልቱ ሲቆም ስፌቱ ለምን እንደሚያመው፣ መቼ ወደ ሥራው እንደሚመለስና ከባለቤቱ ጋር መቼ መተኛት እንደሚችል የሚነግረው ሽማግሌ አያገኝም። ጉዳዩ የሚያሳፍር ስለሚመስልም ብዙዎች ሳይጠይቁ ይገረዛሉ፣ ችግር ሲገጥማቸውም ሳይናገሩ ይቆያሉ።

ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ተገራዥ በቅድሚያ የሚጠይቀው «የትኛው ይፈጥናል?» ወይም «የትኛው አያምም?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ዋናውን ነገር ይስታል። በአልጋው ላይ የሚፈጀው ጊዜ ቢረዝም ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቁስሉ ግን ስድስት ሳምንት ያህል ከሰውየው ጋር ይኖራል። ስለዚህ ዘዴን የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው እነዚያን ሳምንታት የት፣ በምን ሥራ ላይ፣ ከጤና ተቋም ምን ያህል ርቆ እንደሚያሳልፍ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች ሁሉ የተሠሩት በዚህ ሚዛን ነው።

አዋቂ የሚገረዘው ማን ነው?

በአገራችን የአዋቂ ግርዛት በስፋት የሚሰጠው በጋምቤላ ክልል ነው። በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ በኬንያ ኪሱሙና በኡጋንዳ ራካይ የተካሄዱና ውጤታቸው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 የታተመ ሦስት ጥናቶች፣ የተገረዘ ወንድ ከሴት ጋር በሚያደርገው ግንኙነት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። በዚህ መሠረት የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2007 በፈቃደኝነት የሚደረግ የወንዶች ግርዛት ከመከላከያ ዘዴዎች አንዱ እንዲሆን መከሩ። ኢትዮጵያም ቅድሚያ ከተሰጣቸው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች መካከል ስትሆን፣ ሥራው ያተኮረው በጋምቤላ ላይ ነው። በሌሎቹ የአገሪቱ ክፍሎች ግርዛት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በኑዌርና በአኙዋ ሕዝቦች ዘንድ ግን እንዲህ አልነበረም። በኑዌር አንድ ወጣት ወደ ወንድነት መሸጋገሩ ይታወቅ የነበረው በግንባሩ ላይ በሚወጡት ስድስት መስመሮች እንጂ በግርዛት አይደለም።

ሁለተኛው ቡድን በሕመም ምክንያት የሚመጣው ነው። ሸለፈቱ ጠቦ ወደ ኋላ አልመለስ ያለው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ታንቆ የቀረበት፣ ወይም የብልቱ ራስ በተደጋጋሚ የሚቆጣበት ሰው በዚህ ውስጥ ይገባል። በተለይ ሸለፈቱ በአዋቂነት ዕድሜ መጥበብና መሰነጣጠቅ የጀመረ ሰው ስኳር በሽታ እንዳለበት ሳያውቅ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት የደም ስኳሩን መለካት አለበት። ሦስተኛው ደግሞ በሃይማኖት ወይም በጋብቻ ምክንያት የሚመጣ ሲሆን፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖችም በዚህ ውስጥ ይገኛሉ።

መገረዝ ያስፈልጋል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ይህ ጥያቄ የሚነሣው በሕመም ምክንያት ለመጡት ብቻ ነው። ሸለፈቱ ጠባብ ሆኖ ጠባሳ ያልያዘ ሰው ሐኪም የሚያዝለትን የስቴሮይድ ቅባት፣ ለምሳሌ ቤታሜታዞንን፣ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት በመቀባትና ቆዳውን ቀስ በቀስ በማላላት ያለ ቀዶ ጥገና ሊድን ይችላል። ቆዳው ነጥቶ፣ ደርቆና ጠንክሮ ጠባሳ ከሆነ ግን ቅባቱን ለወራት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ በዚህ ጊዜ ትክክለኛው መፍትሔ ግርዛት ሲሆን፣ የተቆረጠውም ቆዳ ለምርመራ ቢላክ መልካም ነው። የሽንት ቀዳዳው ከተፈጥሮ በተለመደው ቦታ ላይ ያልሆነ ሰው ደግሞ ሸለፈቱ ለማስተካከያው ቀዶ ጥገና ስለሚያስፈልግ፣ ከሽንት ቧንቧ ሐኪም ጋር ሳይመክር መገረዝ የለበትም።

በስፌት የሚደረግ ግርዛት

ባለሙያዎች በቀዶ ጥገና ሲገርዙ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይጠቀማሉ። ሸለፈቱን በመቆንጠጫ ይዞ መቁረጥ፣ መጀመሪያ ከላይ በኩል ሰንጥቆ ከዚያ ዙሪያውን መቁረጥ፣ ወይም ሁለት ክብ ቅዶችን ሠርቶ በመካከላቸው ያለውን ቆዳ ማንሣት ነው። ሸለፈቱ ለጠበበበት ሰው ሁለተኛው ይመቻል፤ ሦስተኛው የተሻለ መልክ ያለው ጠባሳ ቢሰጥም የበለጠ የእጅ ልምድ ይጠይቃል። ሆኖም ከማገገም አንጻር ሲታዩ የሦስቱ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ፣ ተገራዡ ከመንገዱ ይልቅ የባለሙያውን ልምድ ቢጠይቅ ይሻለዋል። አንድ ባለሙያ ዕለት ዕለት የሚሠራበት መንገድ፣ በመጽሐፍ ከሚመሰገነውና እሱ ግን ካልለመደው መንገድ ሁልጊዜ ይበልጣል።

የስፌት ግርዛት ትልቁ ጥቅም ቁስሉ ከመጀመሪያው ተገጥሞ መዘጋቱ ነው። የቆዳው ሁለት ጠርዞች በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ በአራት ዋና ስፌቶች ይያዛሉ፤ ከዚያም በየመካከላቸው ሁለት ሁለት ትናንሽ ስፌቶች ይጨመራሉ። ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻው በታች በኩል፣ ከብልቱ ራስ ሥር ባለው ቀጭን ማሰሪያ ቆዳ ላይ የሚውለው ስፌት ነው፤ በዚያ ቦታ ደም ሥር አለ፣ የመጨረሻው እብጠትም የሚቆየው እዚያው ነው። ክሩ ራሱ የሚሟሟ ስለሆነ ማውጣት አያስፈልግም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ፣ በሻወር ላይ ወይም በውስጥ ልብስ ላይ እየወደቀ ያልቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የፋሻ ቀናት ናቸው። ብልቱ ወደ ሆድ ቀና ብሎ በፕላስተር ቢያዝ እብጠቱ ይቀንሳል። ፋሻው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚፈታ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቫዝሊን የተቀባው ጎዝ ከደረቀ ደም ጋር ተጣብቆ ሲገኝ በኃይል መሳብ ስፌቱን ይበጥሳል። በዚህ ፈንታ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ወይም በውኃ በራሰ ጎዝ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አርሶ፣ ጎዙ ራሱ እስኪለቅ መጠበቅ ነው፤ እምቢ ካለም ወደ ጤና ጣቢያው ይዞት መሄድ ይሻላል። ፋሻው ሲፈታ የሚታየው ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል። ቆዳው ያበጠ፣ የጠቆረና ከስፌቱ በታች እንደ ቀለበት የተነፋ ይሆናል። ይህ የሚጠበቅ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን በስፌቱ ዙሪያና በብልቱ ራስ ላይ ቢጫ ስስ ሽፋን ሊታይ ይችላል፤ ይህ የመዳን ሽፋን እንጂ መግል ስላልሆነ ተፍቆ መነሣት የለበትም። መግል የሚሸት፣ የሚፈስና ሲነካ የሚያም ነው፤ በዙሪያው ያለው ቆዳም ይቀላል፣ ይሞቃልም።

ከሕመሙ ሁሉ የሚያስቸግረው ሌሊት የሚመጣው ነው። ጤነኛ ወንድ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ብልቱ በተደጋጋሚ መቆሙ ተፈጥሯዊ ሲሆን፣ አዲሱን ስፌት ስለሚወጥረው ሰውየውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ከመኝታ በፊት ሽንት መሽናት፣ ማታ ብዙ አለመጠጣት፣ በጎን መተኛት፣ ሲያም ደግሞ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ይረዳል። ይህ ሕመም ከአንድ ሳምንት በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። ስፌት በዚህ ምክንያት የሚበጠሰው አልፎ አልፎ ነው።

በቀለበት የሚደረግ ግርዛት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የጥራት ማረጋገጫ የሰጠው ሻንግ ሪንግ የተባለው መሣሪያ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት የፕላስቲክ ቀለበቶች አሉት። ሸለፈቱ በሁለቱ መካከል ይያዝና ከቀለበቱ ውጭ ያለው ይቆረጣል። ስፌት የለውም፣ ደም መፍሰሱም በጣም አነስተኛ ነው። በኬንያና በዛምቢያ በተደረገ ንጽጽር መሣሪያውን ለመግጠም በአማካይ 7 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ፣ የስፌቱ ግርዛት 20 ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። ለባለሙያውና በቀን ብዙ ሰው ለሚያስተናግድ ተቋም ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ለተገራዡ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቀለበቱ ለሰባት ቀን እንደተገጠመ ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ሰውየው ሥራውን ሊሠራ፣ ሊራመድና ሊሸና ቢችልም፣ ብልቱ በሚቆምበት ጊዜ የሚሰማው ሕመም ከስፌቱ የባሰ ሆኖ ያገኙት ብዙዎች ናቸው። በሰባተኛው ቀን ቀለበቱን የሚያወጣው የሠለጠነ ባለሙያ መሆን አለበት፤ በቤት ውስጥ በመቀስ ወይም በቢላ መሞከር አደገኛ ነው። ቀለበቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚታየው በስፌት የተገጠመ ሳይሆን ዙሪያውን የተከፈተ ቀጭን ቁስል ነው፤ የሚድነውም ከሥር ወደ ላይ አዲስ ሥጋ እየሞላ ነው። በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ለመዳን ከስፌቱ ይልቅ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ይዘገያል፣ ቅርፊትና እርጥበትም ይበዛዋል። ከዳነ በኋላ ግን ጠባሳው ወጥና የተስተካከለ ይሆናል፤ በመልኩ ረገድ ብዙ ተገራዦች የሚመርጡትም ይህንኑ ነው።

ሸለፈቱ በጣም የጠበበ፣ ከብልቱ ራስ ጋር የተጣበቀ ወይም በወቅቱ የተቆጣ ሰው በቀለበት መገረዝ አይችልም። ስለዚህ ቀለበት የሚሰጥ ተቋም ሁሉ በስፌት መግረዝም ሊችል ይገባዋል፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ እንኳ ወደ ስፌት መዞር ሊያስፈልግ ይችላልና።

ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቀመጡ

ከጤና ተቋም ርቆ የሚኖር ሰው የቱን ይምረጥ? ለዚህ የምሰጠው መልስ ስፌቱ የሚል ነው። ምክንያቱም በስፌት የተገረዘ ሰው በሁለተኛውና በሰባተኛው ቀን ተመልሶ እንዲታይ ቢመከርም፣ ወንዝ ሞልቶ ወይም መኪና ጠፍቶ በሰባተኛው ቀን ቢቀር ክሩ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ቀለበት ያደረገ ሰው ግን በሰባተኛው ቀን የግድ መምጣት አለበት። በጋምቤላ ዝናቡ በሚበዛባቸው ወራት ባሮ ሞልቶ በላሬ፣ በጅካዎና በኢታንግ ያሉ መንገዶች በሚቋረጡበት ጊዜ፣ ለከተማ ነዋሪ ቀላል የሚመስለው ቀጠሮ ለአርብቶ አደሩ የአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ይሆናል።

በተቃራኒው በከተማ የሚኖር፣ በሰባተኛው ቀን ያለ ችግር መመለስ የሚችል፣ መርፌና ስፌት በእጅጉ የሚያስፈራው ወይም የደም መፍሰስ የሚያሰጋው ሰው ቀለበቱን ቢመርጥ ምክንያቱ በቂ ነው። የደም መፍሰስ በሽታ ያለበት ወይም እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን በየትኛውም ዘዴ ከመገረዙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ መድኃኒቱንም በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ክፍት ቁስል የሚዘገይበት ስለሆነ፣ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ በስፌት ቢገረዝ ይሻለዋል።

የሥራ ዓይነትም ይመዘናል። ቢሮ የሚውል ሰው በሁለቱም ዘዴ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ሊመለስ ይችላል። ሸክም የሚሸከም፣ የሚያርስ፣ በግንባታ ላይ የሚውል ወይም ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ማግኘቱን ሳያረጋግጥ ቀጠሮ ባይዝ መልካም ነው። የቀን ሠራተኛ ይህን ዕረፍት መውሰድ እንደሚከብደው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ሲሚንቶ ተሸክሞ ስፌቱ የተለያየበት ሰው የሚያጣው የሥራ ቀን ከዚያ ይበዛል። እግር ኳስና ብስክሌት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆዩ።

ሌሎቹ ዘዴዎች ባጭሩ

ፕሪፔክስ የተባለው የላስቲክ ቀለበት ያለው መሣሪያ ሸለፈቱን ደም አሳጥቶ የሚያደርቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫ አግኝቶ ነበር። የደረቀው ሥጋ ለአንድ ሳምንት ከሰውነት ጋር ስለሚቆይ ይሸታል፤ ከዚህም በላይ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በሽታ በመታየቱ ድርጅቱ መሣሪያው ከመገጠሙ በፊት የቴታነስ ክትባት ተሟልቶ እንዲወሰድ አሳስቧል። ሌላ አማራጭ ያለው ሰው ይህን የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

በግል ክሊኒኮችና በውጭ አገር የሚታየው ስቴፕለር ቆርጦ ወዲያው በትናንሽ የብረት ስፌቶች የሚገጥም ነው። ፈጣንና ንጹሕ ሥራ ይሠራል፤ ብረቶቹ ግን በሳምንታት ውስጥ ሁሉም ላይወድቁ ስለሚችሉ፣ የቀሩትን የሚያወጣ ባለሙያ ማግኘት ያስፈልጋል። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። «በሌዘር» እየተባለ የሚተዋወቀውን በተመለከተ ደግሞ፣ ሌዘሩ የሚለውጠው ቆዳው የሚቆረጥበትንና ደሙ የሚቆምበትን መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ቁስሉ እንደማንኛውም ቁስል መዳን ስላለበት፣ «በሦስት ቀን ይድናል» የሚል ማስታወቂያ አንባቢ ሊያምን አይገባም።

የባህል ገራዥ

በዚህ ላይ አማራጭ እንዳለ አድርጎ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም። የሕፃን ደም ሥር ቀጭን ነው፤ የአዋቂ ግን ወፍራም ስለሆነ፣ ያለ መቆንጠጫና ያለ ስፌት መቁረጥ ሕይወትን የሚያሰጋ የደም መፍሰስ ያስከትላል። መደንዘዣ የለም፣ ምላጩም በትክክል ላይቀቀል ይችላል። በቁስሉ ላይ አመድ፣ ቅቤ፣ እበት ወይም ቅጠል ማድረግ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስን በቀጥታ ወደ ሥጋ ማስገባት ነው። ሥርዓቱ ለማኅበረሰቡ ክብር ያለው ከሆነ፣ ምርቃቱና ድግሱ በባህሉ መሠረት ተደርጎ መቁረጡ ብቻ በጤና ባለሙያ እጅ ቢሆን ከሥርዓቱ የሚጎድል ነገር የለም።

መደንዘዣና ማስታገሻ

አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገረዘው በብልቱ ሥር ዙሪያ በሚወጋ ሊዶኬይን ነው። መርፌው ለጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ መነካካትና መጎተት ይሰማል እንጂ አያምም። ካመመ ለባለሙያው ወዲያው መንገር ያስፈልጋል፣ መደንዘዣ ይጨመራልና። በአውሮፓና በአሜሪካ ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ፤ ይህ መጾምን፣ አጃቢ ማምጣትንና የማደንዘዣውን የራሱን አደጋ ስለሚጨምር፣ በጣም ለሚፈራ ወይም ሌላ ቀዶ ጥገና አብሮ ለሚደረግለት ሰው ካልሆነ በቦታው መደንዘዝ የተሻለ ነው። በብሪታንያ የሚኖሩ ወገኖች የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት የሚሸፍነው ለሕመም የሚደረገውን ግርዛት እንደሆነ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ወደ ቤት ሲኬድ መደንዘዣው ገና ስላልለቀቀ «ምንም አላመመኝም» ብሎ ማስታገሻውን መተው የተለመደ ስሕተት ነው። የመጀመሪያውን ፓራሲታሞል መደንዘዣው ከመልቀቁ በፊት መውሰድ ሌሊቱን ያቀልለዋል። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። አይቡፕሮፌን ለእብጠቱ የተሻለ ቢሆንም ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ነው፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ግን አይሆንም። አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን ለዚህ ሕመም አይወሰድ። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ «እንዳያመረቅዝ» በሚል መዋጥም ተገቢ አይደለም፤ ንጹሕ የሆነ የግርዛት ቁስል ያለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል።

ቦታ፣ ወቅትና ልብስ

በሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያ፣ በግል ክሊኒክና በዘመቻ ድንኳን መካከል ሲመረጥ፣ ከሕንጻው ውበት በፊት መጠየቅ ያለበት ሌሊት ደም ቢፈስ ማን በር እንደሚከፍት ነው። በዘመቻ የሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ጊዜ ነፃና ሙያዊ ነው፤ ነገር ግን ቡድኑ ከሄደ በኋላ የሰባተኛውን ቀን ክትትል የሚያደርገው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን ሳይዙ ከአልጋው መነሣት አይገባም።

ከወቅቶች ደረቁ ወቅት ይመረጣል። መንገዱ ክፍት ነው፣ ጭቃና የጎርፍ ውኃም የለም። በጋምቤላ ከዝናቡ በፊት ያሉት ወራት እጅግ ሞቃት ስለሆኑ ላቡ ቁስሉን ያርሰዋል፤ ስለዚህ ለሚችል ሰው ዝናቡ አቁሞ ሙቀቱ ገና ያልበረታበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይስማማል። ተማሪ የሆነ ሰው ግን የክረምቱን ዕረፍት መምረጡ አይቀርም፤ እንዲህ ከሆነ ቁስሉ እስኪድን በወንዝ ውስጥ አለመዋኘቱንና አለመታጠቡን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብልቱን ወደ ላይ የሚደግፍ ጠበቅ ያለ የጥጥ ውስጥ ልብስ እብጠትን ይቀንሳል፤ የብልቱም ራስ ከልብስ ጋር እየተፋተገ እንዳያስቸግር ያደርጋል። ቤት ለሚውል ሰው፣ በተለይ በሞቃት አገር፣ ከሳምንት በኋላ ሽርጥ ማገልደም ነፋስ ስለሚያስገባ ይሻላል። ሁለቱን መቀያየር እንጂ አንዱን ብቻ መያዝ አያስፈልግም። ፋሻው ከተፈታ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይታሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ ተደርጎ መድረቅ አለበት። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ፓውደር አዲሱን ሥጋ ስለሚጎዱ አይደረጉበት።

ወዲያው ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ትንሽ ደም በፋሻው ላይ መታየቱ አያስፈራም። ፋሻውን አርሶ የሚንጠባጠብ ደም ግን በንጹሕ ጎዝ፣ ሳይነሣና ሳይታይ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል መጫን አለበት፤ ካልቆመ ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው። ከቆዳው ሥር በፍጥነት እየጨመረ የሚሄድ ጠጣር እብጠት ደም መቋጠሩን ያመለክታል። ከፋሻው በኋላ ሽንት አለመሽናት ፋሻው ከልክ በላይ መጥበቁን ሊያሳይ ይችላል። ትኩሳት፣ መግል፣ ወደ ሆድ ወይም ወደ ጭን የሚዘልቅ መቅላት፣ ከቀነሰ በኋላ እንደገና የሚብስ ሕመም፣ የብልቱ ራስ መጥቆር ወይም መቀዝቀዝ፣ እንዲሁም መንጋጋ አልከፈት ማለት ሁሉም ለነገ የማይባሉ ናቸው። ቀለበት ያደረገ ሰው ደግሞ ቀለበቱ ከቦታው ቢንሸራተት ወይም በከፊል ቢወጣ በራሱ ሊመልሰው አይሞክር።

ስድስቱ ሳምንታት

በዘዴዎቹ መካከል የቱንም ያህል ልዩነት ቢኖር ይህ ለሁሉም አንድ ነው። ለስድስት ሳምንት ከግብረ ሥጋ ግንኙነትና ብልትን በእጅ ከማነሣሣት መቆጠብ ያስፈልጋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፍቶ ስፌቱ ወድቆ ስለሚታይ ብዙዎች ድነናል ብለው ያስባሉ። ቆዳው ግን ከላይ ይገጠም እንጂ ገና አልጠነከረም፤ በግንኙነት ጊዜ በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች ሊከፈት ይችላል። በዚህ ጊዜ ቁስሉ የኤችአይቪ ቫይረስ መግቢያ ይሆናል። ተገራዡ ቫይረሱ በደሙ ካለ ደግሞ መውጫም ነው። በራካይ ቫይረሱ ያለባቸው ወንዶች ተገርዘው በተደረገ ክትትል፣ ቁስላቸው ሳይድን ግንኙነት የጀመሩት ሰዎች ሚስቶች ይበልጥ ለመያዝ ተጋልጠው ታይተዋል። ስለዚህ ባልና ሚስት ከቀጠሮው በፊት አብረው ወደ ምክር ክፍሉ ቢገቡ፣ ስድስቱ ሳምንት የባል ብቻ ሸክም አይሆንም።

መጠጥ በዚህ ጊዜ ሁለት ጉዳት አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም መፍሰስን ያባብሳል፣ በኋላም የተገባውን ቃል ያስረሳል።

ስድስተኛው ሳምንት ሲሞላ በመስታወት ወይም በባለሙያ ዓይን መታየት ያለበት ቅርፊት አለመኖሩ፣ እርጥበት አለመኖሩና የጠባሳው መሥመር ሲዳሰስ ጠጣር መሆኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ፣ በተለይ በቀለበት የተገረዘ ሰው፣ አንድ ሳምንት ይጨምር። የብልቱ ራስ ከልብስ ጋር ሲነካ የሚሰማው መቆጥቆጥ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀንሳል፤ በማሰሪያው ቆዳ አካባቢ የምትቀር ትንሽ እብጠት ግን እስከ ሁለትና ሦስት ወር ልትቆይ ትችላለች። ከዚያም ሲጀመር በኮንዶም መጀመር ለአዲሱ ቆዳም ሆነ ለሁለቱ ሰዎች ደኅንነት ይበጃል፤ ግርዛቱ ያስገኘው መከላከያ ከፊል በመሆኑ ኮንዶሙ ከዚያም በኋላ አይቀርም።